የሻወር ቤቱ ኖራ እና ስምንት ሚሊ ፖሊመር (የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ጎንደር)

ጥቅምት መጀመሪያ

አራዳ አካባቢ እትዬ (የእናቴ ጓደኛ ናቸው) ሻወር ቤት አላቸው። የወንድና የሴት ተብሎ የተከፈለ ነው፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ባለ 1000 ሊትር ሮቶ፣ ለየወገኑ አንድ አንድ ቦይለር። ችግሩ ሬዚስታንስ (ቦይለሩ ውስጥ ገብቶ ውኃውን የሚያሞቀው ብረት) ነው፣ ይቃጠላል፣ ይቀየራል፣ ደሞ ይቃጠላል፣ ቧንቧና መብራት የሚሠሩላቸው ጋሼ በፈቱት ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ "ውኃው ነው ልጄ፣ ውኃው ኖራ አለው"። እውነታቸውን ነው። የወጣውን ሬዚስታንስ አየሁት፣ ብረቱ ራሱ አይታይም፣ ዙሪያውን ነጭ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቅርፊት ተጋግሮበታል፣ በመፍቻ መታ መታ ሲያደርጉት እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ስባሪ ወስጄ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ወዲያው አረፋ ደፈቀ፣ ጨርሶም ሟሟ። በቃ ካርቦኔት ነው። ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዘር) ቢሆን ኖሮ ሎሚ ምንም አያደርገውም ነበር፣ ይቺን ያዟት በኋላ ትመጣለች።

የእትዬ ጥያቄ ቀላል ነው። "አንተ ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ ትል የለም? እንግዲያ ይሄን ነገር አስቁምልኝ፣ ጥምቀት ሳይደርስ።" ጥምቀት ላይ እንግዳው ከተማውን ሲሞላው ሻወር ቤት ምን እንደሚሆን ጎንደር ያለ ሰው ያውቀዋል።

ለምን ኖራ እንደሚይዝ ባጭሩ። ጎንደር የተቀመጠችው ባዛልት ላይ ነው፣ ያ ጥቁሩ ድንጋይ። ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል፣ ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። ሟሙቶ ስላለ አይታይም፣ ውኃው ኩልል ያለ ነው። ስታሞቁት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበርራል፣ የቀረው ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይቀየራል፣ ካልሲየም ካርቦኔት ደሞ ከጨውና ከስኳር በተቃራኒ ውኃው በሞቀ ቁጥር መሟሟቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ቦይለር ውስጥ ከሁሉም የሚሞቀው የቱ ጋ ነው? ሬዚስታንሱ ላይ። ስለዚህ ድንጋዩ ሌላ ቦታ ሳይፈልግ እዛው ላይ ያድጋል።

ኖራ የመብራት ቢል ያስጨምራል ሲባል ሁሌ እሰማለሁ፣ በእንጨት ወይ በናፍጣ ለሚነድ ቦይለር ልክ ነው፣ ሙቀቱ ወደ ውኃው መግባት ሲያቅተው በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ውኃ ውስጥ የተነከረ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ ግን የሚስበው ኃይል ያው ነው፣ ሙቀቱም መሄጃው ውኃው ብቻ ስለሆነ ዞሮ ዞሮ እዛው ይገባል። ለውጡ ሌላ ቦታ ነው፣ በዛ ቅርፊት ውስጥ ሙቀት እንዲያልፍ የሬዚስታንሱ ብረት በጣም መጋል አለበት። የካልሲየም ካርቦኔት ሙቀት የማስተላለፍ አቅም 2 ዋት በሜትር በኬልቪን አካባቢ ነው፣ የመዳብ ወደ 400 ነው። ስለዚህ ውኃው ያው እየሞቀ ከውስጥ ሽቦው ይነዳል። እትዬ የሚከስሩት በቢል ሳይሆን በሬዚስታንስና ሰው በሚመልሱበት ቀን ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ልኬት

ሳይለኩ መድኃኒት ማዘዝ አልወድም። ሮቶው ውስጥ ያለው ውኃ አንድ ዓይነት አይደለም፣ በፈረቃው ሲመጣ ከቧንቧ ይሞላል፣ ሳይመጣ ሲቀር እትዬ በቦቴ የጉድጓድ ውኃ ያስገዛሉ። ላብራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ ኢዲቲኤ (ካልሲየምና ማግኒዚየምን የሚያስር ኬሚካል)፣ ባፈር (ፒኤች የሚያጸና) እና ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የሚባለውን ቀለም ሰጠኝ፣ ቢውሬትም (መስመር ያለው ቀጭን የመስታወት ቱቦ) አዋሰኝ (ሰብረህ እንዳትመጣ ብሎ)። አሠራሩ የሚወደድ ነው፣ 50 ሚሊ ውኃ፣ ፒኤች 10 የሚያደርግ ባፈር፣ ቅንጣት ቀለም፣ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ከዛ ኢዲቲኤ ጠብ ጠብ እያደረጉ ጥርት ያለ ሰማያዊ እስኪሆን። 0.01 ሞላር ከሆነ ሒሳቡ ራሱ ያልቃል፣ አንድ ሚሊ ማለት አንድ ሚሊግራም በካልሲየም ካርቦኔት የተሰላ ማለት ነው።

የቦቴው ውኃ 14 ሚሊ አካባቢ ኢዲቲኤ ጨረሰ። ወደ ሊትር ሲቀየር 280 ሚሊግራም። የቧንቧው ከዛ ግማሽ እንኳ አልደረሰም፣ ይሄም አይገርምም፣ ግድብ ውስጥ የሚጠራቀም የክረምት ጎርፍ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ የከረመ ውኃ አይደለም። የቦቴው ግን በተለመደው አከፋፈል ከ180 በላይ "በጣም ከባድ" የሚባለው ውስጥ ይገባል፣ ሳሙና አረፋ እምቢ የሚለው ዓይነት። ስለዚህ ሬዚስታንስ ገዳዩ ቦቴው ነው፣ ቦቴውን ግን ማስቀረት አይቻልም።

ምን ማድረግ ይቻላል? ሬዚን ያለው ሶፍትነር (ውኃ ማለስለሻ) በጣም ጥሩ ነው፣ ካልሲየሙን ወስዶ ሶዲየም ይሰጣል፣ ግን ሬዚኑ በየጊዜው በጨው ውኃ መታጠብ አለበት፣ ያ ሁሉ ወደ ቦይ ይፈሳል። ውኃ በገንዘብ ገዝተው የሚያስመጡ እትዬን ይሄን ማሳመን አልችልም። ሲትሪክ አሲድ ከተጋገረ በኋላ ማጠቢያ ነው። ማግኔትም የሚሸጡ አሉ፣ አልገባበትም። የቀረው ውኃው ውስጥ በጣም ትንሽ ነገር ጨምሮ ድንጋዩ እንዳያድግ ማድረግ ነው፣ ይሄ ሐሳብ አዲስ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ተጀምሯል። እሱ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አሪፍ ነው፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ግን ቀስ በቀስ ይበጣጠስና ተራ ፎስፌት ይሆናል፣ ፎስፌቱ ደሞ ከካልሲየም ጋር ሌላ ዝቃጭ ይሠራል። ለቦይለር አልመረጥኩትም። ፖሊአክሪሌት የሚባለውን ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት የሆነ ሞለኪዩል) ግን ይሄ ሙቀት ምንም አይለውም።

ኅዳር፣ ፖሊመሩ መጣ

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ትንሽ ጀሪካን መጣልኝ። ፖሊአክሪሊክ አሲድ (ያው ፖሊአክሪሌቱ፣ በአሲድ መልኩ)፣ 50 ፐርሰንት፣ አማካይ የሞለኪዩል ክብደቱ 2000 አካባቢ። እትዬ ጀሪካኑን አይተው "ይሄ ለስንት ቀን ይበቃል?" አሉ፣ ለአንድ ሮቶ የሚገባው አንድ ትንሽ ሲሪንጅ ነው ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ፣ ያጭበረበርኳቸው መሰላቸው።

አይፈረድባቸውም፣ ሒሳቡ ሲታይ እውነትም ማጭበርበር ይመስላል። ባለ 1000 ሊትሩ ሮቶ በቦቴ ውኃ ሲሞላ ውስጡ 280 ግራም ድንጋይ የሚሆን ነገር አለ። ያንን ሁሉ በኢዲቲኤ አንድ ለአንድ ልሰር ብል ከአንድ ኪሎ በላይ ኢዲቲኤ ያስፈልገኛል፣ ለአንድ ሮቶ ብቻ! ፖሊመሩን የምጨምረው ግን በሊትር 5 ሚሊግራም ነው፣ ማለትም ለሮቶው 5 ግራም፣ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ግማሹ ውኃ ስለሆነ 10 ግራም፣ ከውኃ ትንሽ ስለሚከብድ ደሞ ወደ 8 ሚሊ ሊትር። 5 ግራም 280 ግራሙን ሊያስር አይችልም። አያስርምም። ካልሲየሙ እንዳለ ውኃው ውስጥ ነው ያለው፣ ካከምኩት በኋላ በኢዲቲኤ ብለካው ያው 14 ሚሊ ነው የሚወጣው። የሚቀየረው ድንጋይ የመሆን ፍጥነቱ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከሁሉ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው። ክሪስታል የሚያድገው በፊቱ ሁሉ እኩል አይደለም። ፊቱ ላይ ደረጃ ደረጃ አለ፣ የደረጃው ጠርዝ ላይ ደሞ ያልተሞላ ጥግ አለ፣ አዲስ የመጣ ካልሲየም የሚያርፈው እዛ ጥግ ላይ ነው ምክንያቱም ከብዙ ጎን የሚይዘው እዛ ነው። ግንበኛ ረድፉን የሚቀጥለው ትናንት ካቆመበት ጥግ ነው እንጂ ባዶ ግድግዳ መሀል ድንጋይ አይለጥፍም፣ እንደዛ ነው። ይሄንን የክሪስታል ተመራማሪዎቹ ኮሰልና ስትራንስኪ በ1920ዎቹ መጨረሻ አመጡት፣ በርተን፣ ካብሬራና ፍራንክ በ1951 በደንብ አብራሩት (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። እና እነዚህ ጥጎች ከጠቅላላው ካልሲየም አንጻር በጣም ጥቂት ናቸው። ፖሊአክሪሌት ረጅም ሰንሰለት ነው፣ ርዝመቱን ሙሉ ካርቦክሲል የሚባል ካልሲየም የሚወድ ነገር ተሰክቶበታል፣ ጥጉ ላይ ሄዶ ይለጠፋል፣ በብዙ እጁ ስለያዘ በቀላሉ አይለቅም። ሥራው ቆመ።

ካብሬራ ደሞ ከቨርሚሊያ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1958 የጨመረው አለ። ደረጃው ወደፊት ሲሄድ ሁለት የተለጠፉ ሞለኪዩሎች ካጋጠሙት በመሀላቸው እየጎበጠ ሊሾልክ ይሞክራል፣ ክፍተቱ ከተወሰነ መጠን ከጠበበ ግን አያልፍም፣ ይቆማል። ለዛ ነው መድኃኒቱ መነሻ መጠን ያለው፣ ከዛ በታች ከሆነ ምንም የሠራ አይመስልም፣ ካለፈ ደሞ መጨመሩ ትርፍ የለውም። ግን ውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም እየበዛ ከሄደ ደረጃው በጠባቡም ክፍተት መሹለክ ይጀምራል። ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ኋላ ላይ ላውንደሪው ጋ ዋጋ ታስከፍለናለች።

ሰውነታችንም ይሄንኑ ይሠራል። ምራቅ ውስጥ ስታተሪን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን አለ፣ ምራቃችን ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት ጥርስ ላይ ዝም ብሎ እንዳይጋገር የሚይዘው አንዱ እሱ ነው።

ኅዳር፣ ጠርሙሶቹ

ቦይለር ላይ ከመሞከሬ በፊት ቤት ውስጥ በማርማላታ ጠርሙስ ሞከርኩ። ሁሉም ውስጥ የቦቴ ውኃ፣ ሰፊ ድስት ውስጥ ተደርድረው፣ 80 ዲግሪ ላይ ከጠዋት እስከ ከሰዓት። (ማፍላት አልፈለግኩም፣ ጎንደር ላይ ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆንን ውኃ የሚፈላው 93 አካባቢ ነው፣ ለማንኛውም ሻወር ቦይለር እዛ አይደርስም።) ከዛ አቀዝቅዤ፣ አጥልዬ፣ ሟሙቶ የቀረውን በኢዲቲኤ ለካሁ። ብዙ ከቀረ መድኃኒቱ ሠርቷል፣ ትንሽ ከቀረ ድንጋይ ሆኗል ማለት ነው።

ምንም ያልተጨመረበት ከ14 ወደ 8 ወረደ፣ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ በጣት የሚሰማ ሻካራ ነገር አለ። 5 ፒፒኤም (በሊትር 5 ሚሊግራም) ፖሊአክሪሌት ያለበት 14 ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ጠርሙሱ ልሙጥ ነው። እዚህ ላይ እናቴ መጥታ "አንዱ ታጥቧል አንዱ አልታጠበም እንዴ?" አለች፣ ከቢውሬቱ በላይ ያሳመነኝ እሱ ነው። ሲትሪክ አሲድ በዛው 5 ፒፒኤም ካልተጨመረበት ብዙም አይለይም፣ እሱ ካርቦክሲል አለው ግን ሦስት ብቻ ነው፣ ሰንሰለት አይደለም፣ ይለጠፍና ይለቃል።

ከዛ ያገራችንን ሞከርኩ፣ አለመሞከር አልቻልኩም። የተልባ ልሃጭ ውስጥ ጋላክቱሮኒክ አሲድ አለ፣ ያም ካርቦክሲል ነው። የግራር ሙጫም እንዲሁ ግሉኩሮኒክ አሲድ አለው። ሙጫው ዱቄት ሆኖ ሲሟሟ ብዙ ካልጨመርኩ የረባ ነገር አልሠራም፣ ካርቦክሲሉ በየቦታው የተራራቀ ነው። ተልባው ግን አስገረመኝ፣ ወደ 11 ነገር ያዘ፣ በእርግጥ መጠኑ ከፖሊአክሪሌቱ ብዙ እጥፍ ነው። ግን በማግስቱ ሽታው! ባክቴሪያ ይወደዋል፣ ሮቶ ውስጥ ተልባ መጨመር ማለት ሮቶውን ማበላሸት ነው። ተልባ ለጾም ይሁን።

ሌላ አንድ ጥያቄ ነበር፣ የሕፃን ዳይፐር ውስጥ ያለው ጄልም ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ነው፣ ለምን ያንን አውጥተን አንጠቀምም? የታናሽ እህቴ ልጅ ዳይፐር አንድ ተሠዋ። ዱቄቱ በዝናብ ውኃ አበጠ አበጠ ጠርሙሱን ሞላው፣ በቦቴ ውኃ ግን ያበጠው በጣም ትንሽ ነው። ያ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የታሰሩበት ስለሆነ አይሟሟም፣ ካልሲየሙ ደሞ ይበልጥ ያኮማትረዋል። የማይሟሟ ነገር ሄዶ ክሪስታል ጥግ ላይ ሊለጠፍ አይችልም። ኬሚካሉ አንድ ሆኖ ቅርጹና ርዝመቱ ሁሉን ነገር ይቀይረዋል። ባይታሰርም በጣም ረጅም ከሆነ (ሚሊዮን የሚደርስ ክብደት) ብናኞችን እየሰበሰበ ማዝቀጫ ይሆናል፣ የኛ ተቃራኒ ማለት ነው። ለኖራ የሚፈለገው አጭሩ ነው፣ ከአንድ ሺ እስከ ጥቂት ሺ።

ያጠለልኩትን ዝቃጭ ጓደኛዬ ጋ በተማሪ ማይክሮስኮፕ አየን። ካልታከመው ውስጥ ጠርዛቸው የሰላ የካልሳይት ዳይሶችና የአራጎናይት መርፌዎች አሉ (ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፣ የክሪስታል ቅርጻቸው ነው የሚለየው)፣ አራጎናይት ሙቀት ስለሚወድ እዚህ ይጠበቃል። ከታከመው የተገኘው በጣም ትንሽ ነው፣ እሱም ጠርዝ የለው፣ ክብ ክብ ድፍን ነገር ነው። እንደዚህ ዓይነቱ ቢፈጠር እንኳ ብረት ላይ አይነክስም፣ ከውኃው ጋር ይወጣል።

ብዙ ብጨምርስ? በሊትር ብዙ መቶ ሚሊግራም ያደረግኩበት ጠርሙስ ደፈረሰ። ፖሊመሩ ራሱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ ዝቃጭ ሆነ። ይሄን ሻወር ቤቱ ውስጥ ለሚሠራው ልጅ ማሳየት አስፈላጊ ነበር ምክንያቱም ጥሩ ነገር ሲበዛ ጥሩ ነው የሚል ልጅ ነው፣ አንዴ በረኪና ሮቶ ውስጥ ሲጨምር ደንበኛ ሁሉ ዓይኑን እያሸ ነው የወጣው።

ታኅሣሥ፣ ሮቶው ላይ

መጀመሪያ ያሰብኩት በጉሉኮስ መስመር ጠብ ጠብ እንዲል ማድረግ ነበር፣ ከፋርማሲ አዲስ ገዝቼ፣ የሚበዛው 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ስለሆነ ልኩም ምቹ ነው። ግን ቧንቧው በፈረቃ ሌሊት ይመጣል፣ ይቆማል፣ ጠብታው ግን ውኃ መጣ አልመጣ አያውቅም። ተውኩት። ቀላሉን ያዝን፣ ሮቶው ጎን ላይ በየ250 ሊትሩ በቀለም መስመር፣ ለያንዳንዱ መስመር 2 ሚሊ በሲሪንጅ፣ መጀመሪያ በባልዲ ውኃ በጥብጦ። ውኃው በሚሞላበት ሰዓት ከተጨመረ ራሱ ይቀላቅለዋል። ለቧንቧም ለቦቴም ያው መጠን ነው፣ ለቧንቧው ይበዛል ግን ልጁን በሁለት ዓይነት ሒሳብ ማደናገር አልፈልግም።

የጨመርነው በሴቶቹ በኩል ብቻ ነው። የወንዶቹ ሮቶ እንዳለ ይቆይ አልኩ፣ ማወዳደሪያ ከሌለ ውኃው ለስልሶ ይሁን መድኃኒቱ ሠርቶ ይሁን አይታወቅም። ለሁለቱም አዲስ ሬዚስታንስ፣ አንድ ዓይነት፣ ጋሼ ከማስገባታቸው በፊት ፒያሳ ወርቅ ቤት ሄጄ በወርቅ ሚዛን አስመዘንኳቸው። ወርቅ ሠሪው "ይሄ ስንት ካራት ነው?" ብሎ ሳቀብኝ ግን ገንዘብ አልተቀበለኝም። እትዬ ደሞ "ወንዶቹ ምን አድርገውህ ነው የምትቀጣቸው?" አሉ። ወንዶቹ ቶሎ ታጥበው ይወጣሉ፣ የሴቶቹ በኩል ውኃው የበለጠ ይሠራል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ቢያሸንፍ የበለጠ ውኃ ባለፈበት ነው የሚያሸንፈው አልኳቸው፣ ይሄኛው ምክንያት ተዋጠላቸው።

በረኪና ጋ ይጣላል ወይ ብለው ጋሼ ጠየቁ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፖሊአክሪሌት በረኪናን አንዳንዶቹ ፎስፎኔቶች (ሌሎች የኖራ መከላከያዎች ናቸው) ከሚችሉት በላይ ይችላል፣ ሮቶ ለማጽዳት በሚጨመረው መጠን አያሳስብም፣ ብቻ ሁለቱን ባንድ ባልዲ አትበጥብጡ አልኩ። ሮቶዎቹ ሥር "ለመጠጥና ለቡና አይቀዳም" ብለን ጻፍን፣ የሴቶቹ በኩል ያለችው ልጅ ከዛ ነበር ጀበና የምትሞላው፣ አሁን ለብቻ ጀሪካን አላት።

የሚፈሰው የት ይሄዳል የሚለውም አለ። ከዚህ የሚወጣ ውኃ መጨረሻው ወንዝ ነው፣ ቀሃ ወይ አንገረብ። ፖሊአክሪሌት መርዛማነቱ ዝቅተኛ ነው ግን ባክቴሪያ ቶሎ አይበላውም፣ ይቆያል። የሚበላው ፖሊአስፓርቴት ነው፣ ዶንላር የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እሱን በሙቀት በመሥራቱ እ.ኤ.አ. በ1996 የፕሬዚዳንቱን የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት ወስዷል። ቀንድ አውጣና መሰሎቹ ዛጎላቸውን ሲሠሩ ካልሲየም ካርቦኔቱን የሚገሩበት ፕሮቲንም በአስፓርቲክ አሲድ የተሞላ ነው። ባገኝ እሱን ነበር የምጠቀመው፣ እስካሁን በትንሽ መጠን የሚሸጥልኝ አላገኘሁም።

ጥር፣ ከተራና ጥምቀት

መጻፊያ ጊዜ አልነበረም። ከከተራው ዋዜማ ጀምሮ ሰልፉ እስከ መንገድ ነው፣ ቦቴ በቦቴ ላይ፣ ሮቶው ሳይሞላ ይጎድላል፣ ልጁ መስመሩን እያየ ሲሪንጁን መጨመሩን ግን አልተወም፣ እኔም ሁለት ሦስቴ ሄጄ አየሁት። አንድ እንግዳ ጣሪያ ላይ ሲሪንጅ የያዘ ልጅ አይቶ ደንግጦ እትዬን ጠይቋቸዋል፣ "ውኃውን እያስከተብኩት ነው" ብለውት ሄዱ።

የወንዶቹ ቦይለር ከበዓሉ በኋላ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፣ ያ የሚንጣጣ ድምፅ። ቅርፊቱ ሥር የገባ ውኃ ከመጠን በላይ ሞቆ እንፋሎት ሲሆን ነው። የሴቶቹ ዝም ብሏል።

የካቲት፣ ፈታናቸው

ጋሼ ቀድመው የወንዶቹን ፈቱ። ነጭ ሆኗል፣ ታች በኩል ወፍሯል፣ ቦይለሩ ወለል ላይም የረገፈ ስባሪ አለ። የሴቶቹ ሲወጣ ጋሼ "ይሄ አልሠራም ማለት ነው?" አሉ፣ ማለታቸው መብራት አልደረሰውም ወይ ነው፣ ብረቱ ስለሚታይ። በጣት ሲነካ የሚለቅ ስስ ነጭ ዱቄት አለበት፣ በጨርቅ ሲጠረግ ሄደ። ወርቅ ቤቱ ጋ ሁለቱንም አድርቄ ወሰድኩ፣ የወንዶቹ ብዙ ግራም ጨምሯል (የረገፈው ሳይቆጠር)፣ የሴቶቹ ሚዛኑን ለማንቀሳቀስ ያህል ብቻ።

እዚህ ጋ ለምን እንደሠራ መረሳት የለበትም። ሻወር ቤት ውስጥ ውኃው ቦይለር ውስጥ የሚቆየው ትንሽ ነው፣ ይሞቃል፣ ሰው ላይ ይፈሳል፣ ይሄዳል። ፖሊመሩ ድንጋዩን አላጠፋውም፣ ውኃው በሩን እስኪያልፍ ድረስ ነው ያዘገየው፣ ድንጋዩ ቦይ ውስጥ ቢሆን እኛን አያገባንም። ውኃው የማይሄድበት ቦታ ከሆነ ነገሩ ይለያል፣ እና እትዬ ወሬውን ለጎረቤት ላውንደሪ ቀድመው ስላወሩት ባለቤቱ ማግስቱን መጣ።

መጋቢት፣ ላውንደሪው

የካውያ እንፋሎት የምታወጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቦይለር ናት። ሰውዬው ሳይጠይቀኝ ከልጁ ፖሊመር ወስዶ በዛው መጠን ሲጨምር ነበር፣ "ያንተ ነገር እኔ ጋ አልሠራም" ብሎ ነው የጠራኝ። ስንከፍታት ውስጡ ጭቃ ነው፣ ጭቃው ሥር ደሞ ቅርፊት። ጭቃው የፖሊመሩ ሥራ ነው፣ ያለሱ ያ ሁሉ ድንጋይ ይሆን ነበር። ግን እንፋሎት ሲወጣ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ካልሲየሙ ሁሉ ውስጥ ይቀራል፣ አሥር ሊትር ገብቶ አንድ ሊትር ከቀረ 280 የነበረው 2800 ይሆናል (እስከዛ ሳይዘቅጥ ቢቆይ)። ፖሊመሩም አብሮ አሥር እጥፍ ይሆናል ግን ያ በቂ አይደለም፣ ቅድም እንዳልኩት ደረጃው በጠባቡ ክፍተት መሹለክ ይጀምራል፣ ጊዜውም ሰፊ ነው፣ ውኃው ሄዶ አያመልጥም።

ስባሪውን ሎሚ ውስጥ ጣልኩት። ተንፈቀፈቀ፣ ከዛ ቆመ፣ ግራጫ ነገር ሳይሟሟ ቀረ። ሲሊካ ነው ብዬ ነው የያዝኩት፣ ባዛልት ውስጥ ያለፈ ውኃ ሲሊካ ይዞ ይመጣል፣ ሻወር ቤቱ ውስጥ ስላልተጠራቀመ አላየነውም። ለሱ ፖሊአክሪሌት መድኃኒት አይደለም፣ ሎሚም ሲትሪክ አሲድም አያወጣውም።

መፍትሔው ከታች በኩል ማፍሰስ ነው። ከሚገባው አምስት ሊትር አንዱን ብታፈስ ውስጡ ያለው አምስት እጥፍ ላይ ይቆማል፣ ከሦስቱ አንዱን ብታፈስ ሦስት እጥፍ ላይ። ለዚህ ውኃ እኔ ሦስት ነው የምለው። ሰውዬው "ገዝቼ አሙቄ ላፍስሰው?" አለ። አዎ። ያ ሙቅ ውኃ እኮ ለልብስ መዘፍዘፊያ ይሆናል አልኩት፣ እሱን ሲሰማ ፊቱ ተፈታ። ሌላው አማራጭ ለቦይለሯ ብቻ የክረምት ዝናብ ማጠራቀም ነው፣ እስከ ሰኔ ግን ገና ነው።

አሁን ያለንበት፦ የወንዶቹም ሮቶ ፖሊመር ጀምሯል፣ በዛው 2 ሚሊ በ250 ሊትር። የላውንደሪዋ ማፍሰሻ ቫልቭ በኖራ ተደፍኖ አይዞርም፣ ጋሼ ቅዳሜ ይቀይሩታል፣ ከመቀየሩ በፊት ውስጧ በእጅ ተፍቆ ጭቃው ይወጣል። ጀሪካኑ ገና ከግማሽ በላይ አለ። ፖሊአስፓርቴት በትንሽ መጠን የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።